ማነቆው የት ላይ ነው? የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ እድገትና አሠራር

የክልል አውሮፕላን ማረፊያ የሚባለው የአንድን ሀገር ዋና የአየር መናኸሪያ ከሩቅ ከተሞች ጋር የሚያገናኝ፣ አብዛኛው በረራው አጭር የሆነ፣ መንገደኛውም በአብዛኛው ከዚያው አካባቢ የሚነሳ ወይም እዚያው ደርሶ የሚቀር ማረፊያ ነው። እንደ አዲስ አበባው ቦሌ ካለ መናኸሪያ የሚለየው በመጠኑ ብቻ ሳይሆን በሥራው ጠባይ ጭምር ነው፤ በመናኸሪያ ማረፊያ ብዙው መንገደኛ ከአንዱ አውሮፕላን ወርዶ ወደ ሌላው የሚሳፈር ሲሆን፣ የክልል ማረፊያ ግን የሚኖረው ከተማውና ዙሪያው በሚያመነጩት ጉዞ ብቻ ነው። የእንዲህ ዓይነቱ ማረፊያ እድገት ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው በተርሚናል ሕንጻው ስፋትና ውበት ነው፤ የምረቃው ሪባን የሚቆረጠውም እዚያ ነውና። ይሁን እንጂ አንድ ማረፊያ የመንደርደሪያው ርዝመት፣ የአውሮፕላን መቆሚያው ስፋት፣ የእሳት አደጋ መከላከያው ብቃት፣ የመብራቱና የአሰሳ መሣሪያው ደረጃ፣ የተርሚናሉ አዳራሽ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የበረራ ሠሌዳው ተያይዘው የሚሠሩበት ሥርዓት በመሆኑ፣ የጠቅላላው አቅም የሚወሰነው ከእነዚህ ሁሉ ጠባብ በሆነው ክፍል ነው። ያ ጠባብ ክፍል በዚህ ምዕራፍ ማነቆ ይባላል። የክልል ማረፊያ የእድገት ታሪክም ማነቆው ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የተዛወረበት ታሪክ መሆኑን፣ በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም የሚጠራው የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በግልጽ ያሳያል።

ርቀትና መልክዓ ምድር

ባሕር ዳር ከአዲስ አበባ በቀጥታ የአየር መስመር 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ በመኪና የሚሄድ ሰው ግን የዓባይን ሸለቆ ወርዶ መውጣት ስላለበት፣ የሚጓዘው መንገድ ከዚህ እጅግ ይረዝማል፤ ሙሉ ቀንም ይወስዳል። አውሮፕላን ይህንኑ በአንድ ሰዓት ገደማ ያጠናቅቀዋል። በአየር ትራንስፖርት ኢኮኖሚ ውስጥ አጭር በረራ ብዙውን ጊዜ ከባቡርና ከአውራ ጎዳና ጋር መፎካከር ስለሚከብደው አክሳሪ ተደርጎ ይታያል፤ የኢትዮጵያ ደጋማ መልክዓ ምድር ግን ይህን ስሌት ይገለብጠዋል፤ ምክንያቱም ሸለቆና ተራራ የየብሱን መንገድ ባረዘሙት መጠን፣ አየሩ የሚያተርፈው ጊዜ ይበዛል።

ማረፊያው ሁለት የፍላጎት ምንጮች አሉት። የመጀመሪያው ከተማይቱ ራሷ ናት፤ ባሕር ዳር በ1950ዎቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ከተቋቋሙባት በኋላ ያደገች፣ ከ1983 ዓ.ም. የሥርዓት ለውጥ በኋላም የአማራ ክልል ርዕሰ ከተማ የሆነች ስለሆነች፣ የመንግሥት ሠራተኛውን፣ የዩኒቨርሲቲ መምህሩንና ነጋዴውን ዓመቱን ሙሉ ታንቀሳቅሳለች። ሁለተኛው ቱሪዝም ነው፤ የጣና ገዳማትና የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከጎንደር፣ ከላሊበላና ከአክሱም ጋር ተያይዘው የታሪካዊው የጉብኝት መስመር አካል በመሆናቸው፣ ጎብኚው አንዱን ከተማ አይቶ ወደሚቀጥለው በአየር የሚሸጋገርበት ልማድ ለአሥርት ዓመታት ቆይቷል። የመጀመሪያው ፍላጎት ቋሚ ሲሆን ሁለተኛው በወቅት የሚዋዥቅ ነው፤ በጥምቀት ሰሞን ይበዛል፣ በክረምት ይሳሳል፣ በጸጥታ ችግር ጊዜ ደግሞ ፈጽሞ ሊቋረጥ ይችላል።

የሳሳ አየርና ረጅም መንደርደሪያ

መንደርደሪያ ማለት አውሮፕላን ለመነሳት የሚሮጥበትና ሲያርፍ ፍጥነቱን የሚገታበት የተነጠፈ ጎዳና ነው። የባሕር ዳሩ መንደርደሪያ ርዝመቱ ሦስት ሺህ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በሁለቱ ጫፎቹ ላይ 04 እና 22 የሚሉ ቁጥሮች ተጽፈውበታል፤ ቁጥሮቹ መንደርደሪያው በማግኔት ኮምፓስ ሲለካ ወደ 40 እና ወደ 220 ዲግሪ እንደሚያመለክት የሚገልጹ ናቸው። አቅጣጫው የሚመረጠውም በዘፈቀደ ሳይሆን፣ የጎን ነፋስ አውሮፕላኖችን ቢያንስ 95 በመቶ ለሚሆነው ጊዜ እንዳያስቸግር ተደርጎ ነው።

ርዝመቱን የሚወስነው ግን ከነፋሱ ይልቅ ከፍታው ነው። ማረፊያው ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በባሕር ጠለል ደረጃና በ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎ ግራም ሲመዝን፣ በዚህ ከፍታና በ25 ዲግሪ ሙቀት ግን ክብደቱ ወደ 0.95 ኪሎ ግራም ይወርዳል፤ ይህም አየሩ በ22 በመቶ ሳሳ ማለት ነው። የክንፍ የማንሳት ኃይል በአየሩ እፍጋትና በፍጥነቱ ካሬ ስለሚወሰን፣ አውሮፕላኑ ተመሳሳይ ክብደት ይዞ ለመነሳት ከመሬት አንጻር 13 በመቶ ገደማ የበለጠ ፍጥነት ያስፈልገዋል፤ ወደዚያ ፍጥነት ለመድረስ የሚጠይቀው ጉልበት ደግሞ 29 በመቶ ይጨምራል። በዚያ ላይ ሞተሩ ራሱ የሚስበው አየር የሳሳ በመሆኑ ግፊቱ ይቀንሳል። ስለዚህ የሚፈለገው ጉልበት ሲበዛ የሚገኘው ስለሚያንስ፣ የሩጫው ርቀት ከሁለቱም ወገን ይረዝማል።

የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (ኢካኦ) የማረፊያ ንድፍ መመሪያ ለቅድመ ዕቅድ የሚያገለግል ቀላል ስሌት አስቀምጧል፤ በባሕር ጠለል የሚበቃው ርዝመት ለእያንዳንዱ 300 ሜትር ከፍታ 7 በመቶ፣ ሙቀቱ በዚያ ከፍታ ከሚጠበቀው መደበኛ ሙቀት በላይ ለጨመረበት ለእያንዳንዱ ዲግሪ ደግሞ 1 በመቶ ይጨመርበታል። በ1,800 ሜትር ከፍታ የመጀመሪያው ጭማሪ 42 በመቶ ይሆናል። በዚሁ ከፍታ መደበኛው ሙቀት 3 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ የሞቃቱ ወር የቀን ሙቀት 30 ዲግሪ ቢደርስ ሁለተኛው ጭማሪ 27 በመቶ ይደርሳል። ሁለቱ ሲባዙ፣ በባሕር ጠለል 1,000 ሜትር የሚበቃው አውሮፕላን በባሕር ዳር 1,800 ሜትር ይጠይቃል ማለት ነው። ጭማሪው ከ35 በመቶ ካለፈ መመሪያው ራሱ ለእያንዳንዱ ቦታ የተለየ ጥናት እንዲደረግ ያዝዛል፤ በመሆኑም በኢትዮጵያ ደጋ የሚሠራ ማረፊያ ሁሉ በልዩ ጥናት የሚነደፍ እንጂ ከሌላ አገር ንድፍ የሚገለበጥ አይደለም።

ከዚህ የሚከተለው የዕለት ተዕለት ውጤት መንገደኛው ዘንድ እምብዛም አይታወቅም። ሁለት እኩል አውሮፕላኖች፣ አንዱ በማለዳ ቅዝቃዜ ሌላው በቀትር ሙቀት ቢነሱ፣ የቀትሩ የሚይዘው ጭነት ሊያንስ ይችላል፤ መንደርደሪያው በቂ ካልሆነ ደግሞ የሚቀነሰው ወይ ዕቃ ወይ ነዳጅ ወይ መንገደኛ ነው። በደጋ ሀገር ረጅም መንደርደሪያ የግድ የትልቅ አውሮፕላን ምልክት አይደለም፤ መካከለኛው አውሮፕላን ሞልቶ እንዲነሳ የሚከፈል የከፍታ ዋጋ ነው።

ከዲሲ-3 እስከ ዳሽ-8

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተመሥርቶ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ የተጠቀመባቸው አውሮፕላኖች፣ የዲሲ-3 ወታደራዊ ዓይነት የሆኑና ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ ሲ-47 የተባሉ ነበሩ፤ መቀመጫቸው በግራና በቀኝ ግድግዳ የተዘረጋ ታጣፊ አግዳሚ ሲሆን ጭነቱ በመካከል ይቀመጥ ነበር። ይህ አውሮፕላን ባልተነጠፈ ሜዳ ላይ ማረፍ ስለሚችል፣ በየክልሉ ከተማ የሣር ወይም የጠጠር ሜዳ ብቻ ያለው ማረፊያ እንኳ አገልግሎት እንዲሰጥ አስችሏል። በዚያ ዘመን ማነቆው አውሮፕላኑ የሚይዘው ሰው ማነስና አብራሪው በዐይኑ ማየት የሚያስፈልገው መሆኑ እንጂ ሜዳው አልነበረም።

ጄት ሲመጣ ማነቆው ወደ መሬት ወረደ። የጄት ሞተር ጠጠርና አቧራን የማይወድ በመሆኑ፣ ክብደቱም ጠንካራ ንጣፍ ስለሚጠይቅ፣ አስፋልት የሌለው ከተማ ከሠሌዳው ውጭ ይሆናል። ባሕር ዳር በ1981 ዓ.ም. መጀመሪያ ቦይንግ 737 ታስተናግድ ስለነበር፣ ይህንን ደረጃ ከብዙ የክልል ከተሞች ቀድማ አልፋለች ማለት ይቻላል።

ሦስተኛው ምዕራፍ የተጀመረው አየር መንገዱ ዳሽ-8 ኪው-400 የተባለውን ቱርቦፕሮፕ በ2002 ዓ.ም. መረከብ ሲጀምር ነው። ቱርቦፕሮፕ ማለት ተርባይን ሞተሩ ፕሮፔለር የሚያሽከረክርበት አውሮፕላን ሲሆን፣ በዝቅተኛ ከፍታና በአጭር ርቀት ከጄት ያነሰ ነዳጅ ይፈጃል። በ330 ኪሎ ሜትር በረራ ላይ አብዛኛው ጊዜ በመውጣትና በመውረድ ስለሚያልቅ፣ ጄት በፍጥነቱ የሚያተርፈው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ኪው-400 ከ70 በላይ መቀመጫ ሲኖረው ቦይንግ 737-800 ከ150 የማያንስ ይይዛል፤ ስለዚህ በአንድ የጄት በረራ የሚሄደውን ሕዝብ ሁለት የቱርቦፕሮፕ በረራዎች ያደርሱታል። ለክልል ከተማ የሚበጀው አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም ጠዋት ሄዶ ማታ የሚመለሰው ባለሥልጣን ወይም ነጋዴ የሚፈልገው ምርጫ ያለው ሰዓት እንጂ ሰፊ አውሮፕላን አይደለም። የበረራ ድግግሞሽ፣ ማለትም በቀን ውስጥ ያሉ በረራዎች ቁጥር፣ ለክልል ማረፊያ ከአውሮፕላኑ ስፋት የበለጠ የእድገት መለኪያ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የርግቦቹ አደጋ ያስተማረው

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባሕር ዳር በኩል ወደ አስመራ ይጓዝ የነበረው የበረራ ቁጥር 604 ቦይንግ 737-200፣ ከባሕር ዳር ሲነሳ ከርግብ መንጋ ጋር ተጋጨ። ርግቦቹ ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገቡ፤ አብራሪዎቹ ወደ ማረፊያው ለመመለስ ሲጥሩ ሞተሮቹ ኃይላቸውን በማጣታቸው፣ አውሮፕላኑ ጎማውን ሳይዘረጋ ከማረፊያው ውጭ በድንገት አርፎ በእሳት ተያያዘ። ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ።

የአደጋው ትርጉም ለማረፊያ አስተዳደር ጥልቅ ነው። የመንታ ሞተር አውሮፕላን ደኅንነት የሚመሠረተው አንዱ ሞተር ቢጠፋ ሌላው ያደርሳል በሚል ስሌት ሲሆን፣ የወፍ መንጋ ግን ሁለቱንም በአንድ ቅጽበት ሊመታ ስለሚችል ያንን ስሌት ያፈርሰዋል። ባሕር ዳር ደግሞ በአገሪቱ ትልቁ ሐይቅ ዳርቻ የተቆረቆረች በመሆኗ፣ የውኃ ወፎች፣ የእህል ማሳ የሚወዱ ርግቦችና የቆሻሻ መጣያ የሚያዘወትሩ አሞራዎች በአንድ አካባቢ ይገናኙባታል። በዓለም ዙሪያ ተቀባይነት ያገኘው የመከላከል አሠራር ወፍን ከማባረር ይልቅ ለወፍ የሚስብ ነገር እንዳይኖር ማድረግን ያስቀድማል፤ ሣሩ ወፎች ምግብ በማያገኙበት ቁመት ይጠበቃል፣ ኩሬና ረግረግ ይደርቃል፣ በመንደርደሪያው አጠገብ እህል አይዘራም፣ የቆሻሻ መጣያም ከማረፊያው በ13 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ እንዳይቋቋም ይመከራል። የመጨረሻው ምክር ማረፊያው ብቻውን ሊፈጽመው የማይችለው ነው፤ የቆሻሻ ማስወገጃውን ቦታ የሚመርጠው ማዘጋጃ ቤቱ በመሆኑ፣ የአውሮፕላን ደኅንነት የከተማ ፕላን ጉዳይ ይሆናል።

ከግንባታ ከፍታ ጋር ያለው ነገርም እንዲሁ ነው። ማረፊያው ከከተማዋ መሀል በስተምዕራብ ሰባት ስምንት ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ከተማ ሲያድግ ግን ይህ ርቀት ይጠባል። በዓለም አቀፉ መስፈርት ለዚህ ደረጃ መንደርደሪያ፣ በመሣሪያ ለሚደረግ ማረፍ፣ በዙሪያው እስከ አራት ኪሎ ሜትር ድረስ ከማረፊያው ወለል በላይ ከ45 ሜትር ያለፈ ሕንጻ ወይም ምሰሶ እንዳይቆም መጠበቅ አለበት። ይህ ገደብ አንድ ጊዜ ከተጣሰ በኋላ ማረም ሕንጻ ማፍረስን ስለሚጠይቅ፣ የማረፊያው የወደፊት አቅም ዛሬ በሚሰጥ የግንባታ ፈቃድ ሊሸረሸር ይችላል።

በመሬት ላይ ያለው ሥራ

አውሮፕላን ገንዘብ የሚያገኘው በአየር ላይ ነው፤ መሬት ላይ የሚቆይበት እያንዳንዱ ደቂቃ ወጪ ነው። ስለዚህ ከማረፍ እስከ መነሳት ያለው ጊዜ በጥብቅ ቅደም ተከተል ይመራል፦ ጎማው በመግቻ ይያዛል፣ መንገደኞች ይወርዳሉ፣ ሻንጣ ይራገፋል፣ የመንገደኞች ክፍሉ ይጸዳል፣ አብራሪውና ቴክኒሻኑ ዙሪያውን ይፈትሻሉ፣ የክብደትና የሚዛን ሠንጠረዥ ይዘጋጃል፣ አዲሶቹ መንገደኞች ይሳፈራሉ። በአጭር መስመር ላይ የሚሠሩ አየር መንገዶች ለደርሶ መልስ የሚበቃ ነዳጅ ከመናኸሪያው ይዘው መነሳትን ብዙ ጊዜ ይመርጣሉ፤ ይህም ነዳጅን ወደ ክልል በመኪና የማጓጓዝን ወጪና የመሙያውን ጊዜ ያስቀራል፤ በከፍታ ላይ ግን ተጨማሪው ነዳጅ ተጨማሪ ክብደት ስለሆነ ከመንገደኛና ከዕቃ ጋር ይሻማል።

የእሳት አደጋ መከላከያ ከማይታዩት ማነቆዎች አንዱ ነው። ኢካኦ ማረፊያዎችን በሚያስተናግዱት አውሮፕላን ርዝመትና ስፋት መሠረት ከ1 እስከ 10 ይመድባል። ርዝመቱ 33 ሜትር ገደማ የሆነው ኪው-400 ምድብ 6 ሲጠይቅ፣ 39.5 ሜትር የሆነው 737-800 ምድብ 7 ይጠይቃል፤ በተለመደው የአረፋ ዓይነት መዘጋጀት ያለበት ውኃም ከ7,900 ሊትር ወደ 12,100 ሊትር ያድጋል። ትልቁ አውሮፕላን የሚመላለሰው አልፎ አልፎ ብቻ ከሆነ በአንድ ምድብ ዝቅ ማለት ይፈቀዳል፤ በመደበኛነት የሚመጣ ከሆነ ግን ተጨማሪ መኪናና የሰለጠነ ሠራተኛ የግድ ይሆናል። መኪኖቹም ከጥሪ በኋላ ከሦስት ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ በመንደርደሪያው የትኛውም ጫፍ መድረስ አለባቸው። ስለዚህ መንደርደሪያውና ተርሚናሉ ቢበቁ እንኳ፣ አንድ የእሳት አደጋ መኪና በብልሽት ሲቆም ማረፊያው በዚያ ቀን ምድቡ ይወርድና የትልቁ አውሮፕላን በረራ ሊሠረዝ ይችላል።

ክረምት ሌላ ፈተና ያመጣል። ባሕር ዳር በዓመት ከምታገኘው 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ ውኃ የተኛበት ንጣፍ የፍሬንን አቅም ስለሚቀንስ የማረፊያ ርቀቱ ይረዝማል፣ ዝቅ ያለ ደመናም አብራሪው መንደርደሪያውን የሚያይበትን ከፍታ ይገድባል። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልጉት የአሰሳ መሣሪያዎችና መብራቶች ናቸው። ከመንደርደሪያው ጎን የሚተከሉት አራት የቁልቁለት አመልካች መብራቶች ለአብራሪው የመውረጃውን አንግል ያሳያሉ፤ ሁለት ቀይና ሁለት ነጭ ከታዩ ትክክል ነው፣ ቀዩ ከበዛ ዝቅ ብሏል፣ ነጩ ከበዛ ከፍ ብሏል። የጠርዝ መብራትና የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ያለው ማረፊያ በቀን ብርሃን ብቻ ከሚሠራው ጋር ሲነጻጸር፣ ያንኑ መንደርደሪያ ይዞ የሥራ ሰዓቱን ሊያሳድግ ይችላል። ከአዲስ ግንባታ ሁሉ ርካሹ አቅም የተጨመረ ሰዓት ነው።

ተርሚናልና የጥድፊያ ሰዓት

ተርሚናል የሚነደፈው በዓመት በሚያልፈው የመንገደኛ ብዛት ሳይሆን እጅግ በተጨናነቀው ሰዓት ባለው ብዛት ነው። 75 መቀመጫ ያላቸው ሁለት አውሮፕላኖች በአንድ ሰዓት ውስጥ ደርሰው ቢመለሱና መቀመጫው 80 በመቶ ቢሞላ፣ 120 የሚወርዱና 120 የሚሳፈሩ፣ በጠቅላላው 240 ሰዎች ሸኚና ተቀባይ ሳይቆጠር በአዳራሹ ይገናኛሉ። እነዚሁ በረራዎች በሁለት ሰዓት ቢራራቁ ግን ግማሹ አዳራሽ ይበቃል። ስለዚህ የክልል ተርሚናል ጠባብ መስሎ ሲታይ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሠሌዳውን ማስተካከል ይቻል እንደሆነ ነው።

ሠሌዳውን የሚወስነው ግን ማረፊያው አይደለም። ከክልል የሚነሱ በረራዎች በአብዛኛው ወደ ቦሌ ስለሚያመሩና ሰዓታቸውም ከዓለም አቀፉ በረራ ጋር እንዲገጣጠም ስለሚቀናጅ፣ በጠዋት ከዋሺንግተን የደረሰ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ባሕር ዳር የሚደርስበት ሰዓት የሚቆረጠው ቦሌ ላይ ነው። መናኸሪያው ሲጨናነቅ ለአገር ውስጥ በረራ የሚተርፈው ሰዓትና መቆሚያ ስለሚያንስ፣ የባሕር ዳር ማነቆ ከባሕር ዳር 330 ኪሎ ሜትር ርቆ ሊገኝ ይችላል።

ገቢና ውሳኔ

የማረፊያ ገቢ በሁለት ይከፈላል። የበረራ ገቢ የሚባለው በአውሮፕላኑ ክብደት የሚሰላ የማረፊያ ክፍያ፣ የመቆሚያ ኪራይና የመንገደኛ አገልግሎት ክፍያ ሲሆን፣ ሌላው ከሱቅ፣ ከካፌ፣ ከማስታወቂያና ከመኪና ማቆሚያ የሚገኘው ነው። በቀን ጥቂት በረራ ያለው ማረፊያ ሁለቱም ያንሱበታል፤ የእሳት አደጋ ቡድን፣ የጸጥታ ጥበቃና የንጣፍ ጥገና ወጪው ግን በአብዛኛው ቋሚ ነው። የክልል ማረፊያዎች ከመናኸሪያው በሚገኝ ገቢ የሚደገፉት ለዚህ ነው። በኢትዮጵያ ይህ ድጋፍ በአንድ ጣሪያ ሥር የገባው በ2009 ዓ.ም. የኤርፖርቶች ድርጅት ከኢትዮጵያ አየር መንገድ ግሩፕ ጋር በተዋሐደ ጊዜ ሲሆን፣ የቁጥጥርና የአየር ትራፊክ አገልግሎት ሥራ በሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን እጅ ቀርቷል። ውሕደቱ ማረፊያውን የሚያስተዳድረውና በማረፊያው የሚጠቀመው አንድ አካል እንዲሆን በማድረጉ ውሳኔን ያፋጥናል፤ በአንጻሩ ክልሉ ተጨማሪ በረራ ሲፈልግ የሚያነጋግረው አንድ ወገን ብቻ ነው።

ማረፊያ ሲዘጋ ደግሞ ይህ ሁሉ ሥርዓት ባንድ ጊዜ ይቆማል። በ2013 ዓ.ም. በትግራዩ ጦርነት የተዘጋው የአክሱም ማረፊያ እንደገና በረራ ያስተናገደው በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ነው፤ የጉብኝት መስመሩ አንድ ጫፉን በማጣቱ፣ ጉዳቱ የአክሱም ብቻ ሳይሆን በመስመሩ ላይ ያሉት ከተሞች ሁሉ ነበር።

እንግዲህ ስለ አንድ የክልል ማረፊያ ማስፋፊያ ሲነገር፣ ስንት ካሬ ሜትር ተጨመረ ከሚለው ጥያቄ በፊት የቱ ማነቆ ተፈታ የሚለው መቅደም አለበት። የእሳት አደጋ ምድቡ ሳይሻሻል የተሠራ ሰፊ መቆሚያ፣ የሌሊት ፈረቃ ሳይቀጠር የተተከለ መብራት፣ ቦሌ ላይ ሰዓት ሳይገኝለት የተገነባ ተርሚናል የተከፈለበት ግን የማይሠራ አቅም ነው። በአንጻሩ የቆሻሻ መጣያን ማራቅ፣ የሕንጻን ከፍታ መጠበቅና በቀን አንድ ተጨማሪ በረራ ማስፈቀድ ሪባን የሚቆረጥላቸው ሥራዎች ባይሆኑም፣ ማረፊያን በእርግጥ የሚያሳድጉት እነሱ ናቸው፤ አብዛኞቹም የሚፈጸሙት ከማረፊያው አጥር ውጭ፣ በማዘጋጃ ቤትና በአየር መንገዱ የዕቅድ ክፍል ነው።